የአምስተኛው መስመር ዘበኛ

ሳዳም በሚመጣው ሰኞ ሊበላ መሆኑን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። ሊበላ የተቃረበ ሰው ያስታውቃል። ጠዋት ሰላምታ ያጥርበታል፤ ምሳ ሰዓት አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይውላል፤ ትናንት ትከሻውን እየመቱ ይስቁ የነበሩት ዛሬ ያልተደወለ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያልፉታል። በኢሕአዴግ ዘመን የመንግሥት ሥራ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግምገማ ይባል የነበረው ነገር የሥራ ባልደረቦች ተሰብስበው አንዱን በሂስ የሚዘለዝሉበት፣ የተዘለዘለው ደግሞ ተነሥቶ «ትክክል ናችሁ፤ እንዲያውም አሳንሳችሁታል» እያለ ራሱን የሚዘልፍበት ስብሰባ ነው። ይህን የመጨረሻውን ግለሂስ ይሉታል። ሥጋ ቤት እንኳን በሬውን አመስግን አይሉትም።

መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ ውስጥ ለቤት ማኅበራት ቦታ የሚያድል ነው፤ ስሙ ይቅር። ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሚያዝያ። የሳዳም ወንጀል የተባለው እንዲህ ነው። ለአካል ጉዳተኞች ብቻ፣ ያውም ኮሚቴ ሲወስን የሚሰጥ ቅድሚያ የሚባል ነገር አለ። ይህ ቅድሚያ እጅ እግራቸው ጤነኛ በሆነ፣ አንዳንዶቹም ሐይቅ ዳር ሆቴል ባላቸው ሰዎች ፋይል ላይ ተገኘ። ፋይሉን ማን አስቀመጠው ተብሎ ሲስተሙ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ስም ነው፤ ሳዳም።

ሳዳም መዝጋቢ ነው። አባቱ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሱ ሲወለድ ሬዲዮው ስለ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት እንጂ ሌላ ወሬ አልነበረውምና ስሙን ከሬዲዮ ወሰዱለት። ስሙ የጦር ነው፤ ልጁ ግን ዝንብ ሲያባርር እንኳን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ግምገማው ጥፋተኛ ካለው ጉዳዩ በቀጥታ ለፖሊስ እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ተነግሮታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ መብላት ትቷል።

ሊያድነው የተነሣች አንዲት ሰው ነበረች። ሩሐማ ትባላለች፤ መዝጋቢዎቹ የሚሠሩበትን ገጽ የጻፈችው ፕሮግራመር ናት። አባቷ የሞቱ ጊዜ ሳዳም የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ የታቦር ተራራን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ነበር። የራሷ ዘመዶች ጥላ ሥር ተቀምጠው «ያ እስላሙ ልጅ ጎበዝ ነው» ይሉ ነበር። ሩሐማ ይህን አልረሳችም። ውለታ የማይረሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ በውለታቸው ነው የሚቀበሩት።

ሐይቁ ዳር ካለ አሳ ቤት ይዛው ሄደች። አሳው ቀረበ፤ ዳጣው ቀረበ፤ ሳዳም እጁን አልዘረጋም።

«አንተ እንዳልጨመርክ አውቃለሁ» አለችው። «ግን አልጨመረም ብዬ ብጮህ ማስረጃ አይሆንም።»

«ማን ጨመረው ታዲያ?»

«እሱን ነው ማየት ያቃተኝ። ስማኝ። የአንድ ሰው ፋይል ገጹ ላይ ሲከፈት አንድ ኦብጀክት ነው። አራት መስመር አለው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የተመዘገበበት ዓመት፣ የቤተሰብ ብዛት። እነዚህን አራቱን ማንም ቢነካቸው ማወቅ እችላለሁ፤ በየመስመሩ ዘበኛ ማቆም ይቻላል። ቅድሚያ ግን አምስተኛ መስመር ነው። የለም። የሆነ ሰው ከገጹ ጀርባ ገብቶ ይጨምረዋል፤ ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ደግሞ አዲስ መስመር ሲጨመርበት ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። የተጨመረው አብሮ ይቀመጣል፤ ዕጣ የሚያወጣው ፕሮግራም ያየውና ሰውየውን ከወረፋው ፊት ያደርገዋል። በር ላይ ዘበኛ ይቆማል። በር በሌለበት ግድግዳ ላይ ማንን ታቆማለህ?»

«ግድግዳውን ዝጊዋ!»

«መዝጋትማ በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። ከዛ በኋላ ማንም አዲስ ነገር መጨመር አይችልም። ሌባውም እጁን ሰብስቦ ዝም ይላል፤ ሰኞ ግን አንተው ትበላለህ። መዝጋት አንተን አያድንህም። ሲጨምር ነው መያዝ ያለበት። በጨመረባት ደቂቃ አንተ እኔ ፊት ተቀምጠህ ጥርስህን ስትፍቅ እኔም መዝጋቢዋ ብርቅዬም ካየንህ፣ አለቀ።»

ሳዳም ወደ ሐይቁ ዞረ። አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ የአሳ አንጀት ሊውጥ ይታገል ነበር።

«ማን እንደሆነ ጠርጥረሻል?» አላት።

«አልጠረጠርኩም።»

ሁለቱም ያውቁ ነበር። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሰይፈሚካኤል የሠራተኛውን ሁሉ የይለፍ ቃል በፖስታ አሽጎ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል፤ «ለአደጋ ጊዜ» በሚል። ስለዚህ በፈለገ ጊዜ ሳዳም መሆን ይችላል፤ ብርቅዬም መሆን ይችላል። ድሮ የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ከገጽ ጀርባ እንዴት እንደሚገባ አይጠፋውም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ያገሬ ሰው፤ ሰይፈሚካኤል እንዳይቆጨው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ስሙን ግን አሳ ቤት ተቀምጦ የሚጠራ ጅል የለም። አንድ ለአምስት የተደራጀ አገር ውስጥ አሳውም አምስተኛው ሰው ሊሆን ይችላል።

ሩሐማ ወደ ቢሮ ተመለሰችና ሃርድ ዲስኳን ከፈተች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት የሚገባው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የኃላፊው ክፍል። ሠራተኛው ፌስቡክ ላይ እንዳያፈጥ ተብሎ ነው። ሩሐማ የምትማረው እንደ ሌሎቹ የከተማው ፕሮግራመሮች ከሃርድ ዲስክ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደግ ሰው የመማሪያ ገጾችን እንዳሉ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ሐዋሳ ይደርሳሉ። የሷ ቅጂ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ዕውቀት ሲያረጅ እንደ እንጀራ ሻጋታ አያወጣም፤ ትኩስ ይመስላል።

እዚያ ውስጥ የምትፈልገውን አገኘች። ኦብዘርቭ የሚባል ትእዛዝ ነው። ኦብጀክቱን ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ቢለወጥም፣ ያልነበረው ቢጨመርም ይነግርሃል። «ተጨመረ» ብሎ፣ የተጨመረውን ስም ጠርቶ ይነግርሃል። ጽሑፉ ትእዛዙን ያሞግሰዋል፤ በቅርቡ በሁሉም ብሮውዘር፣ ማለትም ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ፣ ይገባል ይላል። ሩሐማ ብቻዋን ሳቀች። በር የሌለው ግድግዳ ዘበኛ ተገኘለት።

በማግስቱ ጠዋት ገጹ ውስጥ አስገባችው። ማንም ሰው አዲስ መስመር ቢጨምር ወዲያው እሷ ማሽን ላይ ቀይ ማስታወቂያ ይወጣል። በራሷ ማሽን ሞከረችው፤ ያዘ። በሳዳም ሞከረችው፤ ያዘ። ብርቅዬ አጠገቧ ቆማ ስለነበር ቀዩ ማስታወቂያ ብልጭ ሲል «ውይ! እንደ አምቡላንስ!» ብላ አጨበጨበች። አዳራሹ ውስጥ ባሉት ማሽኖች ሁሉ ተራ በተራ ሞከረች፤ በሁሉም ሠራ። መዝጋቢዎቹ ቀኑን ሙሉ በዚያው ገጽ ተገልጋይ ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ በማግስቱም እንደዚያው። የቀረው የኃላፊው ክፍል ነው። እዚያ ገብታ ልሞክር አትል ነገር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኃላፊው አስጠራት።

አቶ ሰይፈሚካኤል አይቆጣም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቢቆጣ ይመርጡ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይ ልዘዝልሽ አላት፤ አባቷ እንዴት ያለ መልካም ሰው እንደነበሩ አነሣላት። ከዚያ የኮምፒውተሩን መስታወት ወደሷ አዞረው።

«ልጄ፣ ገጽሽ እምቢ አለኝ።»

ገጹ ባዶ ነው፤ ነጭ። ከታች በኩል የገጹ ጀርባ ተከፍቷል፤ እዚያ ላይ አንድ ቀይ መስመር አለ። ሰይፈሚካኤል መነጽሩን አድርጎ በመምህር ድምፅ አነበበው። «ኦብጀክት ዶት ኦብዘርቭ ኢዝ ኖት ኤ ፈንክሽን። ተርጉሚልኝ።»

ሩሐማ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። «ኦብዘርቭ የሚባል ነገር የለም ነው የሚለው።»

«አለ ብለሽ ጽፈሻላ!»

የብሮውዘሩን ቁጥር አየችው። ከአዳራሹ ማሽኖች ሁሉ ይበልጣል። ይህ ማሽን ኢንተርኔት ስላለው ብሮውዘሩ ራሱን በራሱ አድሷል፤ አዲሱ ብሮውዘር ደግሞ ትእዛዙን አውጥቶ ጥሎታል። የፈጠሩት ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ትተውታል፤ መተዋቸውንም ለዓለም ነግረዋል። የነገሩት ግን ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱም ያለው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ዘበኛዋ በንጹሖቹ ማሽን ሁሉ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ መጠበቅ ያለበት አንድ ማሽን ላይ ሲደርስ ሞቶ ወደቀ። ወድቆም አልቀረ፤ የላከውን ሰው ስም ተናገረ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። ይህ ገጽ የመዝጋቢዎች ገጽ ነው። ኃላፊው በራሱ ስም ሊገባበት አይችልም፤ መብቱ አልተሰጠውም። እምቢ አለኝ ካለ፣ በሌላ ሰው ስም ገብቶ ነበር ማለት ነው። በማን? የሞተው ዘበኛ ሌባውን ይዞት ነው የሞተው።

ፊቷ ላይ አነበበው መሰለኝ። መምህር የነበረ ሰው የተማሪ ፊት ማንበብ አይረሳም። ሰይፈሚካኤል እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ፤ የጻፈችውን አወጣ፤ እስከ መጨረሻው አነበበ።

«አዲስ ነገር ሲጨመር ለአንቺ ይነግርሻል። ብልህ ነሽ፤ እውነቴን ነው። ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ያለ ማንም ትእዛዝ በመንግሥት ሲስተም ውስጥ ሰላይ አስገባሽ ማለት ነው።»

«ላወጣው እችላለሁ።»

«አይ፣ አይ! አትንኪው። ሰኞ ሰው ሁሉ እንዳለ እንዲያየው እፈልጋለሁ» አለና በሩን ራሱ ከፈተላት። ሻዩ ገና አልመጣም ነበር።

ዓርብ ዕለት ሳዳምን አስጠራው። እዚያ ውስጥ የተባለው ብዙ አይደለም። ሰይፈሚካኤል ጥፍሩን እየሞረደ «ይህ ጉዳይ ሁለት ባለቤት አያስፈልገውም፤ አንድ ይበቃዋል» አለው። ሳዳም አልገባውም። ሰይፈሚካኤልም እንደ ጥሩ መምህር ዘርዝሮ አስረዳው። በሲስተሙ ውስጥ ያልታዘዘ ነገር ያስገባችው ሩሐማ መሆኗ ተደርሶበታል፤ ያንን ያስገባች ቅድሚያውንም ታስገባለች፤ ሳዳም ልጅ ነው፣ ተታሎ ነው፣ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። «ሰኞ የምትጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው እንደሚመልሰው መልስ። ከሰው አትለይ።»

ከሥራ ሲወጡ ሩሐማ ተከትላ ደረሰችበት። ወደ ታቦር የሚወስደውን መንገድ አብረው ወጡ።

«ደህና አዳምጠኝ» አለችው። «ገጹ በሁላችሁም ማሽን ሠርቷል፤ አዎ? እምቢ ያለው በአንድ ማሽን ብቻ ነው። የዚያ ማሽን ባለቤት ደግሞ ገጹን በራሱ ስም መክፈት አይችልም። ሰኞ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በማን ስም ተከፈተ? ይህ ከተጠየቀ የይለፍ ቃሉ መሳቢያም ይጠየቃል። ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ እኔ ጋ ይከፍት ነበር ይበል። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

«ብርቅዬ አለች» አለ ሳዳም፤ መሬት መሬት እያየ።

«አንተም አለህ።»

«እኔም አለሁ።»

መሬት መሬት ማየቱን ከፍርሃት ቆጠረችው። ምስኪን አለች በልቧ፤ ባጃጅ አስቁማ አሳፈረችው፤ ሒሳቡንም ከፈለችለት።

ሰኞ የስብሰባ አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው ማቴዎስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ የድርጅት ሰው፤ ክፉ አይደለም፤ የሚነፍሰው ወዴት እንደሆነ ሳያይ የማይዘራ ነው። ሰይፈሚካኤል ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ተራ ተሳታፊ ተቀምጧል። ሠራተኛው ሳዳም ሲበላ ሊያይ መጥቶ ነበርና ማቴዎስ «የዛሬው ዋና አጀንዳ ሩሐማ ናት» ሲል አንገት ሁሉ ዞረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲህ በአጀንዳ ቁጥር ሲቀርብ ያምራል።

ማቴዎስ አነበበ። ያለ ትእዛዝ በሲስተሙ ላይ ባዕድ ነገር ጨምራለች። በጨመረችው ነገር ምክንያት ገጹ ተሰብሮ ሕዝብ ተጉላልቷል። ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው። ቅድሚያ የተባለውን ሲጨምርስ የነበረው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። «ሂስ አለሽ፤ መልስ አለሽ?»

ሩሐማ ተነሣች። አንድ በአንድ ተናገረች፤ አራቱ መስመር፣ አምስተኛው መስመር፣ ዘበኛው። «ገጹ አልተሰበረም። እናንተ ስትሠሩበት ሰንብታችኋል፤ ዛሬ ጠዋትም ሠርታችሁበታል። የተሰበረው በአቶ ሰይፈሚካኤል ማሽን ላይ ብቻ ነው። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ጠርተው ያሳዩኝ። እሳቸው ደግሞ በዚያ ገጽ መብት የላቸውም። በማን ስም ነው የገቡት?»

ሁሉም ገብቶታል፤ ይህን አልጠራጠርም። ጥያቄው ሰንሰል አጥር ዘሎ ግቢ እንደገባ ጅብ መሐላቸው ቆሟል፤ ማንም ቀድሞ ሊያየው አልፈለገም።

ሰይፈሚካኤል ከኋላ በትሕትና እጁን አወጣ። «ሰብሳቢ፣ ይቅርታ። እኔ ያንን ገጽ በምን መብቴ እከፍታለሁ? ሠራተኞቹ አልከፍት አለን ብለው አመለከቱኝ፤ እኔም አስጠርቼ ጠየቅኋት። ገጹ በሁሉም ጋ ነው የተሰበረው። ሰው አለ፤ ይጠየቅ።»

ማቴዎስ የሚነፍሰውን አየ። «ማሽን ልንከፍት አልተሰበሰብንም፤ ሰው ነው የሚጠየቀው። እንግዲህ ተራ በተራ እንሂድ። ብርቅዬ።»

ብርቅዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ያጨበጨበችበትን እጅ እጭኗ ሥር ከተተችው። ሦስት ልጅ አላት፤ የቤት ማኅበሯ ዕጣ አልወጣም። «እኔ ጋ አልከፈተም» አለች።

ቀጣዩ ተነሣ። እሱም ጋ አልከፈተም። ከሱ ቀጥላ ያለችውም፣ ዛሬ ጠዋት በዚያው ገጽ ሰው ስትመዘግብ ሩሐማ ዐይን ለዐይን የተያየቻት፣ እሷም ጋ አልከፈተም። ውሸት የመጀመሪያው ነው የሚከብደው፤ ከዚያ በኋላ ሰልፍ ነው። አንዱማ ጨመረበት፤ «እኔ ጋማ ማሽኑ ጨሰ!» አለ። ሳቅ ተሰማ። ያንን ሳቅ ሩሐማ እስከ ዛሬ ትጠላዋለች፤ እኔም እጠላዋለሁ።

ሳዳም ቀረ።

ሩሐማ አየችው። ተረጋግታ ነበር ብል አትመኑኝ፤ ግን ተረጋግታ ነበር። አንድ ሰው ይበቃታል፤ አንዱ ደግሞ እሱ ነው። ለሷ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚመሰክረው። ገጹ ይከፍት ነበር ካለ፣ በስሙ የገባው ሌላ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ብቸኛ ነገር በእጁ ነው። እንዲህ ያለ ምስክርነት የሚጥል ሰው አለ ብላ አላሰበችም።

ሳዳም ቀበቶውን ከፍ አደረገ። «እኔም ጋ አልከፈተም» አለ።

ማቴዎስ ሊያልፈው ሲል ሳዳም አልተቀመጠም። ማንም ሳይጠይቀው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እንዲያውም አልከፍት አለኝ ብላት ዝም በል አለችኝ» ሲል ጨመረ።

ይህ ትርፍ ነበር። ሰይፈሚካኤል እንኳን ይህን አላዘዘውም። የፈራ ሰው የታዘዘውን ያደርጋል፤ ይህ ይገባል። ደስ ለማሰኘት ከታዘዘው በላይ ያደረገ ግን ከፍርሃት ወዲያ ተሻግሯል። ሩሐማ ግለሂስ አድርጊ ስትባል አፏን አልከፈተችም፤ «ሂስ የማትቀበል» የሚል ተጨምሮባት ከሥራና ከደመወዝ ታገደች። ኮሪደሩ ላይ ብርቅዬ ተከትላት አቀፈቻትና «እግዚአብሔር ያያል፣ እህቴ» ብላ አለቀሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሩሐማ የብርቅዬን እጅ ከወገቧ ላይ አንሥታ ሄደች።

በማግስቱ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ስልኳ ጮኸ። የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ነው።

«ሩሕዬ» አለ ሳዳም። ድምፁ ቀሏል፤ ሰሞኑን እንዲህ ቀሎ ሰምታው አታውቅም። ከኋላው የሰው ወሬና ሳቅ ይሰማል። ወንበሮቹ ዳግም በሰው ተሞልተዋል ማለት ነው። «ተቀየምሽኝ? እኔ ምን ላድርግ፣ ታውቂያለሽ። አባቴ ታመዋል።»

ሌላ ሽንኩርት አነሣች።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ያስገባሽውን ነገር አንተ አጥፋው፣ ለመተማመኛ ይሁነን አሉኝ አቶ ሰይፈሚካኤል። አንቺ የጻፍሽውን ፋይል ከፍቼዋለሁ። የቱን ነው የምሰርዘው? ሌላ ነገር እንዳላበላሽ ፈራሁ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። ነገሩ ከላይ እስከ ታች ታያት። ዘበኛው በኃላፊው ማሽን ላይ ሞቷል፤ ሬሳው ግን በሩ ላይ ተጋድሟልና ሰይፈሚካኤል ወደ ገጹ መግባት አልቻለም። ሬሳው ከተነሣ ይገባል። ሲገባ በሳዳም ስም ይገባል። አዲስ የሚጨመረው መስመር ሁሉ በሳዳም ስም ይቀመጣል። ሩሐማ ታግዳለችና በሷ የሚሳበብ አይኖርም፤ ያኔ ጉዳዩ አንድ ባለቤት ብቻ ይኖረዋል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ሰይፈሚካኤል። ሳዳም የራሱን ዘበኛ በራሱ እጅ ሊያነሣ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። «ተው፣ አትሰርዝ» ማለት ይበቃ ነበር። አጠገቧ ቆሞ ወንበር የተሸከመላት ልጅ ነው።

ያ ትርፍ ቃል ግን ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ከላይ ጀምረህ ውረድ» አለችው፤ ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ነው። «ኦብዘርቭ የሚል ታያለህ። ከእሱ እስከሚቀጥለው ባዶ መስመር ድረስ ያለውን ሁሉ።»

«አየሁት። ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

«ሰረዝኩት። ላስቀምጠው?»

«አስቀምጠው።»

ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ ሲሮጥ ሰማች፤ ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ተከፈተ! እሳቸውም ጋ ተከፈተ! ሩሕዬ፣ አንቺን የመሰለ ሰው የለም። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ።»

«ይክፈለኝ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ሩሐማ ጨካኝ ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ግን ሆነች፤ አልፈርድባትም፤ አላሞግሳትምም። ቀሪውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሰይፈሚካኤል በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ በሳዳም ስም ገባ፤ ለአንድ ባለሆቴል ፋይል አምስተኛ መስመር ጻፈለት። ሳዳም በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ፣ ግራና ቀኙን ሰው ተቀምጦለት፣ ማሽኑ ጨሰ ያለውን ሰው ወሬ እየሰማ ይስቅ ነበር።